ልብ ወለድ በሞንታርቦ

ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 2006

አራት ቦታ። ስሜ አራት ቦታ ላይ ተጽፏል። ሙስጠፌ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሲሄድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መስሎኝ ሻይዬን አስቀመጥኩበት። አሁን መሃሉ ላይ የብርጭቆ ክብ አለ። ክቡ ያረፈው በሌላ ደራሲ ስም ላይ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሙስጠፌ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጅጅጋ ላይ የሳይንስ ልብ ወለድና የምናብ ድርሰት ጉባኤ አደርጋለሁ» ሲል ሰው ሁሉ ፀሐይ መትቶታል ይል ነበር። እኔም ብያለሁ። ይኸው አደረገው። ከአዲስ አበባ፣ ከሐረር፣ ከድሬዳዋ ደራስያን ይመጣሉ። የጅጅጋ ደራሲ ተብዬ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከአሰላ ተመድቤ የመጣሁ፣ በሜትሮሎጂ ጣቢያ ዝናብ የምለካ ሴት።

ፕሮግራሙ ላይ የእኔ ሰዓቶች፦
— ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት። መክፈቻው ላይ ከመጀመሪያ መጽሐፌ ከ«ደመና ነጂዋ» አነባለሁ።
— ቅዳሜ ሦስት ሰዓት። «ጂኒ ወይስ ሮቦት?» የሚል ውይይት፣ ከሁለት ወንዶች ጋር። አያስወሩኝም።
— ቅዳሜ አሥር ሰዓት። መጽሐፍ መፈረም። (የሚያስፈርም ከተገኘ።)
— እሑድ ስምንት ሰዓት። ለብቻዬ! አንድ ሰዓት ሙሉ። ያልታተመውን ሁለተኛ መጽሐፌን።

ነገሩ ያለው እሑድ ላይ ነው። አንዲት የአዲስ አበባ አሳታሚ ያችን ሰዓት ልትሰማ ትመጣለች። ሁለተኛው መጽሐፍ አራት ዓመት ከአልጋዬ ሥር ተኝቷል። እሷ ካልወሰደችው እዚያው ያረጃል፤ እኔም አብሬው።

አለቃዬ ፕሮግራሙን አይቶ፣ የአየር ትንበያሽም እኮ ልብ ወለድ ነው አለኝ። ሳቅኩለት። በልቤ ግን ሰደብኩት።

ጭንቀቶቼ፦ የምለብሰው። ድምፄ። ጾሙ (ሆዴ በማይክ ይሰማል)። ሰው ባይመጣስ? ባዶ ወንበር ፊት ስለ ደመና ማንበብ!

የዛሬ ዝናብ፦ የለም። ሶማሌዎቹ ጅላል የሚሉት የድርቅ ወራት ገና አልለቀቀንም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ትልቅ ድል። ሶማሊኛ አነበብኩ።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልጽፈውም። አሥራ ሰባት ዓመት ጅጅጋ ኖሬ ሶማሊኛዬ የገበያ ነው። ቲማቲም፣ ጀሪካን፣ ቀንስልኝ፣ አመሰግናለሁ። ከዚያ ያለፈ ወሬ ሲመጣ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ በመሃል በመሃሉ «ሃ፣ ሃ» እላለሁ። እስከ ዛሬ ያወቀብኝ የለም። የአንገት ሶማሊኛ ነው የምናገረው።

ሙስጠፌ እንግዶቹን ሊቀበል ድሬዳዋ ሄዷል። ከዚያ ደወለና ማስታወቂያውን አብዲ ወደ ሶማሊኛ ተርጉሞታል፣ ከተማ ከመዞሩ በፊት አንድ ጊዜ እይልኝ አለኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ። ጣጣ የለውም አልኩት።

አብዲን የማያውቅ የለም። ባጃጁ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ሠርግ፣ ክትባት፣ የጠፋ ግመል፣ አዲስ የተከፈተ ሱቅ ይለፍፋል። ከምሳ በፊት ጣቢያችን ግቢ ድረስ መጣ። ወረቀቱን ተቀበልኩት። ስሜ አለ። አዳራሹ አለ። ቀኑ አለ። «የሳይንስ ልብ ወለድ» የሚለው ቦታ ላይ «ኢልሚጋ ወድናሃ ኢዮ ዳላሻዳ» ይላል። ጣቴን እያስኬድኩ ፈታሁት። ኢልሚ ሳይንስ ነው። ወድነ ልብ ነው፤ ቤት አከራዬ ኤዶ ፋዱማ ውሃ ተሸክመው ሲገቡ ደረታቸውን ይዘው የሚጠሩት እሱን ነው። ዳላሾ መውለድ ነው፤ ጎረቤታችን በወለደች ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ሲለው የከረመው። ሳይንስ፣ ልብ፣ ወለድ። ልክ ነው! በራሴ ኮራሁና አንገቴን ነቀነቅኩ።

አንድ ነገር ብቻ አየሁ። ከስሜ ፊት «ዶክተር» ብሏል። ዶክተር አይደለሁም አልኩት። አብዲ ግን አልተቸገረም።

«ስም ብቻ ከሆነ ሰው አይመጣም። ዶክተር ካልኩ ይመጣል። እዚህ ፍየል የሚወጋም ዶክተር ነው።»

ሳቅኩ። ማጥፋት ነበረብኝ፤ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ደግሜ ሳየው ግን ከስሜ ጋር የሚሄድ መሰለኝ፣ ተውኩት።

ዝናብ፦ የለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ጅጅጋ ምን ነካት?

ከጠዋት ጀምሮ የአብዲ ሞንታርቦ ከገበያው እስከ አየር ማረፊያው መንገድ ስሜን ይጠራል። «ዶክተር ሲጌ! ዶክተር ሲጌ!» ጽጌ ነው ስሜ፤ ያቺን «ጽ» እዚህ ማንም አይደፍራትም፤ ለምጄዋለሁ።

ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት የተሻለ የተሻለውን መርጣ ሞላችልኝና እጄን ይዛ ደረቷ ላይ አስቀመጠችው። ይህን ያህል መጽሐፍ ትወዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም። የባንኩ ዘበኛ ከወንበሩ ተነሣልኝ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰውዬ መንገድ ላይ አስቁሞኝ በአማርኛ ጠየቀኝ፤ ዓርብ ሚስቴን ሳመጣት በልታ ትምጣ ወይስ ሳትበላ? ፕሮግራሙ ረጅም ነው፣ በልታ ትምጣ አልኩት። ሁለት ጊዜ አመሰገነኝ። ሦስተኛ ሊያመሰግነኝ ሲል ሄድኩ።

ኤዶ ፋዱማ ደግሞ አኮረፉኝ። አሥር ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር እንዴት ይህን ደበቅሽኝ አሉ። መጽሐፉን ከታተመበት ቀን ጀምሮ ቡፌያቸው ላይ አስቀምጠውታል፤ ምኑን ደበቅኳቸው? ቢሆንም ይቅርታ ጠየቅኩ። የግመል ወተት አመጡልኝ። ጾም ላይ ነኝ ብላቸው፣ ዶክተርም ይጾማል እንዴ ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ስተኛ ሁሉ እየሳቅኩ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ማንም ሳይፈልገኝ ቆይቶ በአንድ ቀን ከተማ ሙሉ አንባቢ!

ዓርብ የማነበውን መረጥኩ። ደመናው ካራማራ ተራራ ጫፍ ሲደርስ የሚያለከልክበትና ነጂዋ የምትጠብቀው ቦታ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ቸኩዬ ስለምጽፍ ጽሑፌ አይነበብ ይሆናል። ለነገሩ ለማን?

የዝናብ መለኪያውን አንብቤ፣ ዜሮ ጽፌ፣ አራት ሰዓት ላይ ወንበር ቆጥሬ ልመለስ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል። መሬት ላይ፣ ግድግዳ ሥር፣ የዛፍ ጥላ ውስጥ። ጉባኤው ነገ ነው እኮ። ደስታዬ አምስት እርምጃ ያህል ቆየ። ከዚያ ሰዎቹን አየሁ። እርጉዞች። ደረታቸውን የያዙ ሽማግሌዎች። ራጅ በፖስታ የታቀፉ። አንዲት ሴት ፍራሽ ይዛ መጥታለች። ሁሉም አዩኝና ተነሡ።

ኤዶ ፋዱማ እዚያው ነበሩ፤ ወንድማቸውን ይዘው መጥተዋል። ጠጋ አልኩና እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ሲጌ፣ የልብና የወሊድ ዶክተር ነኝ ብለሽ ያስለፈፍሽው አንቺ አይደለሽም?»

ክው አልኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ኢልሚጋ ወድናሃ ኢዮ ዳላሻዳ። የልብና የወሊድ ሳይንስ። አብዲ «ልብ ወለድ»ን ለሁለት ከፍሎ ተረጎመው፣ እኔ ደግሞ ለሁለት ከፍዬ አረምኩት። ልክ ነው ብዬ! እየኮራሁ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔን የወለመኝ አንገቴ ነው፤ ለአንገቱስ ምን ይደረጋል?

ከሁሉ ፊት የነበረችው ሴት ሳህራ ትባላለች። ከቱሊ ጉሌድ በጭነት መኪና ላይ ነው የመጣችው፤ እዚህ ያለች እህቷ የባጃጁን ማስታወቂያ ሰምታ ደውላላት። ከጎኗ ልጇ ሆዳን አለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የስድስት ትመስላለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። ቀለም የነካ መስሎኝ ነበር። ከግቢው በር እስከ እኔ የመጣችበትን መንገድ ሁለት ጊዜ ቁጢጥ ብላ አርፋ ነው የጨረሰችው።

ዶክተር አይደለሁም በሉልኝ አልኩ ኤዶን። አሉላት። ሳህራ ምንም አልደነገጠችም። የመለሰችውን ኤዶ ተረጎሙልኝ፦ ትልቅ ዶክተር መጀመሪያ እምቢ ይላል። ልጄን ሳያይ አልሄድም።

ሙስጠፌ ጋር ደወልኩ። ሲሰማ፣ አንብበሽዋል አይደል አለኝ። አንብቤዋለሁ አልኩ። ሶማሊኛ አልችልም ለማለት ያን ጊዜም አፌ አልተፈታም። ከዘጋሁት በኋላ መልሼ ደወልኩና ነገርኩት። አውቅ ነበር አለኝ! አሥራ ሰባት ዓመት ያወቀብኝ የለም ስል፣ ሰው ሁሉ እያወቀ ዝም ብሎኝ ነው። ማስታወቂያ ካየሽ ግን ጓደኛ ታስነብቢያለሽ ብዬ ነው የሰጠሁሽ አለኝ። ይህኛው ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ።

ከሰዓት በኋላ አብዲ ማስተካከያ እየለፈፈ ዞረ። ኤዶ ፋዱማ ጆሯቸውን አቁመው ሰምተው ተረጎሙልኝ፦ ዶክተሯ የልብ ዶክተር አይደለችም፣ የተረት ዶክተር ነች።

አሁንም ዶክተር።

ሳህራና ሆዳን ዛሬ ኤዶ ፋዱማ ዘንድ አድረዋል። ከእኔ ክፍል በአንድ ግድግዳ። የልጅቷ ሳል ይሰማኛል።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

አልፏል። በሕይወት አለሁ።

እንግዶቹ አዳራሹን ሲያዩ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ወንበር አልቆ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። አሳታሚዋ፣ ቀጭን፣ መነጽራም፣ የምትቸኩል ሴት ናት፣ ክንዴን ይዛ፣ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ አንባቢ አይቼ አላውቅም አለችኝ። አንዱ ወጣት ደራሲ ፎቶ ያነሣል። ማስተካከያውን ካመነው ያላመነው ይበልጣል፤ ከኤረር ሳይቀር ተነሥተው የመጡ ነበሩ።

ስሜ ተጠራ። መድረኩ ላይ አብዲ ከጎኔ ቆሞ ነበር፣ ሊተረጉምልኝ። ላቡ ይንጠፈጠፋል። ማይኩን ሲይዝ አየሁትና፣ ይህን ቃል ሁለተኛ ለሰው አፍ አልሰጠውም አልኩ። ኤዶ ፋዱማ ማለዳ ላይ፣ ሻይ እያፈሉ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር አስጠንተውኝ ነበር።

«ዳክታር ማ ኢሂ» አልኩ። ዶክተር አይደለሁም። «ሼኮ አያን ቆራ።» ተረት ነው የምጽፈው። «ዋን ካ ሑማሃይ።» ይቅርታ፣ አዝናለሁ።

በሕዝብ ፊት የተናገርኩት የመጀመሪያው ሶማሊኛ ይህ ነው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና በአማርኛ፣ ለእኔ ብለው በአማርኛ፣ ተናገሩ።

«ለተረት ከቤታችን አስነሣሽን?»

አዎ አልኩ። ሽማግሌው ሄዱ። ግማሹ አዳራሽ ተከተላቸው። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም ድንጋይ አልወረወረም፤ ቢያደርጉት ይቀለኝ ነበር። ወንበሮቹ ሲንኳኩ ሰማሁ፣ ብቻ።

ያን ጊዜ ነው ሲስተር ዘምዘም በሩን ይዛ የቆመችው። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ እርጉዞች ቀጠሮዋን ትተው ወደ እኔ እንደጎረፉ ሰምታ ልትጣላኝ ነበር የመጣችው። ተጣላችኝ ደግሞ፣ በደንብ። የመጣውን ሕዝብ ስታይ ግን ንዴቷ ወደ ሥራ ዞረ። የሚወጡትን መተላለፊያው ላይ አሰልፋ ግፊት ለካች፣ ራጅ የያዙትን ወደ መጡበት ሐኪም ላከች፣ እርጉዞቹን መዘገበች፣ ብዙውን ደረት ያዥ፣ የኤዶን ወንድም ጭምር፣ ጨጓራ ነው ብላ ሸኘች። እኔ ውስጥ ለቀሩት ስለ ደመና አነበብኩ። ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ሳህራና ሆዳን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ኤዶ በጆሯቸው ይነግሯቸዋል።

ስጨርስ ሲስተር ዘምዘም ሆዳንን አስጠራቻት። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። የሌላውን ሰው ቶሎ ቶሎ ነበር የምታነሣው። የሆዳንን አላነሣችውም። ቆየች። ጀርባዋን አዳመጠች፣ እንደገና ደረቷን። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደ ጥፋተኛ አይደለም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ይህቺ ልጅ እስከ ዛሬ የት ነበረች አለችኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዝናብ፦ የለም። ግን ካራማራ ላይ ደመና አለ። አለቃዬ አይዘንብም ይላል። እኔ ትንበያ አቁሜያለሁ።

ሲስተር ዘምዘም የምትለው፦ ሐረር ሰኞ ሰኞ የልብ ሐኪም አለ። በንጋት ወረፋ መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገ እዚያ ማደር። ወረቀት ጽፋ ሰጠችን።

ሳህራ የምትለው፦ ሐረር ማንንም አላውቅም። አማርኛ አላውቅም። ኦሮምኛ አላውቅም። የመጣሁት ወደዚህች ሴት ነው። እሷ ከሄደች እሄዳለሁ።

እኔ የምለው፦ ምንም። ነገ እሑድ ነው። ስምንት ሰዓት።

ጠዋት ሌላ ሰው ፈለግኩ፤ ልዋሽ አልችልም፣ አጥብቄ ነው የፈለግኩት። ኤዶ ፋዱማ ጉልበታቸው መኪና አይችልም። የሳህራ እህት አራስ ናት። ሙስጠፌ እንግዶቹን ጥሎ አይሄድም። ሲስተር ዘምዘም ተረኛ ናት። አብዲን አሰብኩት፣ ሐኪሙ የሚለውን አብዲ ሲተረጉም። ተውኩት። ሰኞ ንጋት ተነሥተን ብንሄድስ አልኩ፤ መኪናው እስኪሞላ፣ ካራማራ ላይ ፍተሻ፣ ወረፋው ያመልጣል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ይሆናል። ሳምንት ምን አለው ልል አፌን ከፈትኩ። ሆዳን ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብላ ትንፋሽ ትለቅም ነበር። ዘጋሁት።

«ጂኒ ወይስ ሮቦት?» ላይ እንደፈራሁት ሁለቱ ወንዶች አላስወሩኝም። ከሕዝቡ አንድ አዛውንት፣ ሮቦቱ ይሰግዳል ወይ ብለው ጠየቁ። ጂኒ የሚሰግድ እንዳለ የታወቀ ነው፣ ሮቦቱ ካልሰገደ ከጂኒ ያንሳል አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሁለቱ ወንዶች ማይኩን አንዱ ለሌላው ገፋው። በሌላ ቀን ቢሆን እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

መፈረሚያው ላይ ሦስት ሰው መጣ። አንደኛው የክሊኒክ ካርዱን አቀረበልኝ። ሳላነብ አልፈርምም አልኩት፤ አንብቤም አልፈረምኩም።

ሆዳንም መጣች። መጽሐፍ አልያዘችም። በኤዶ በኩል አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ ደመናው ካራማራ ላይ ሲደክመው ነጂዋ ለምን አልመታችውም? እኔን ሲደክመኝ ሰዎች እኮ ተነሺ ይሉኛል።

ያን ምዕራፍ ስጽፍ የሚያለከልክ ሰው አይቼ አላውቅም። ቃሉ ስላማረኝ ነው የጻፍኩት። ስለሚያስፈልገው ትጠብቀዋለች አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ የገባው ሰው ሲነቀንቅ ይህን ይመስላል።

ከዚያ ወጥቼ አሳታሚዋን ፈልጌ ነገርኳት። ለእሑዱ ሰዓት ብዬ ነው የመጣሁት እኮ አለችኝ። አውቃለሁ አልኩ። ጽሑፉን ትተሽልኝ ሂጂ እንድትለኝ ጠበቅኩ። ስልኳ ጮኸ። አነሣችው። ከፊቷ ትንሽ ቆምኩና ሄድኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ስለ ልጅቷም ይሁን ስለ መጽሐፌ አላጣራሁም።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ሐረር። አልቤርጎ። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ ሦስት ሰው።

በስድስት ሰዓት ከጅጅጋ ወጣን። ሚኒባሱ ካራማራን ሲወጣ ሆዳን መስኮቱ ላይ አፍጥጣ ደመና ትፈልጋለች። አንድ አገኘች። ቆሟል አለች፣ ወይም እንዲህ ያለች መሰለኝ። ሳህራ መንገዱን ሙሉ ታወራኛለች። ከአሥሩ ቃል ሁለቱን ይዣለሁ። የአንገቴን ሶማሊኛ ልጀምር ስል ተውኩ፤ «አልገባኝም» ማለትን ኤዶ አስተምረውኛል። አንድ ሃያ ጊዜ አልኩት። ሳህራ አልሰለቻትም፣ እየደጋገመች፣ በእጇ እያሳየች ነገረችኝ። ባሏ ግመሎቹን ይዞ ውሃ ፍለጋ ከሄደ ሁለት ወር አልፎታል። ከሆዳን በፊት ሌላ ሴት ልጅ ነበረቻት። ከንፈሯ እንደዚሁ ነበር። ይህንን በጣቷ የራሷን ከንፈር እየነካች ነው የነገረችኝ። ይህኛው በአንዴ ገባኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰዓቴን አየሁ። ሐረር ልንገባ ነበር። አንድ ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሙስጠፌ ደወለ። የእኔን ሰዓት ለአብዲ ሰጠው! አብዲ፣ ስንወጣ ለሙስጠፌ ትቼው የመጣሁትን ሁለተኛ መጽሐፌን ይዞ መድረክ ላይ ወጥቶ በሶማሊኛ በራሱ አባባል ተረከው። ዓርብ የወጡት ሽማግሌ ሳይቀሩ ተመልሰው መጥተው ሰሙ፣ ሕዝቡ እንደገና ይባል ብሎ አስደገመው አለኝ። ምን ብሎ እንደተረጎመው እግዜር ይወቅ። አሳታሚዋስ? ሳቅ የበዛበት መጽሐፍ መሆኑን አላወቅኩም ነበር ብላለች አሉ። ሳቅ የለበትም እኮ። ጽሑፉን ይዛ ሄዳለች።

ደስ ሊለኝ ይገባል መሰለኝ። ቆይቶ ይለኝ ይሆናል።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ የምጽፈው ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። ማሽኑን የሆዳን ደረት ላይ ሲያስኬድ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረልን። የሚንቀሳቀስ ጥቁርና ነጭ ነገር። የእኛ ጣቢያ የሳተላይት ምስል ይመስላል፣ ደመና ሲሄድ። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ በአማርኛ ነገረኝ፤ እኔ ለእናትየው እንድነግራት።

ቀዳዳ አለ። ልቧ ላይ። ከተወለደች ጀምሮ የነበረ ነው። ሊደፈን ይችላል፣ ግን አዲስ አበባ ነው፣ ወረፋ አለው፤ መቼ እንደሚጠሩን አይታወቅም። እስከዚያ መድኃኒት። ዘግይታችኋል፣ ግን አልረፈደም።

ወደ ሳህራ ዞርኩ። ፊቴን እየፈተሸች ነበር። እጄ ላይ ምን ቃል አለ? መዝገበ ቃላት የለም፣ ኤዶ የለም። የገበያ ሶማሊኛዬ ብቻ። ቀዳዳ፦ ደሎል። ጀሪካን ስገዛ የምጠይቀው ነው፣ ደሎል አለው ወይ እያልኩ። የቀሩት ሁለቱ ግን ከመቼውም በላይ የማውቃቸው፣ አራት ቀን ሙሉ ሳፍርባቸው የከረምኩ ናቸው። ጣቴን የሆዳን ደረት ላይ አደረግኩ።

ወድነ። ደሎል። ዳላሾ።

ስናገረው ለራሴ ተሰማኝና ደነገጥኩ። ልብ፣ ወለድ። የአብዲ ወረቀት።

መደፈኑን፣ አዲስ አበባን፣ ወረፋውን በእጅ ምልክት ጨመርኩላት። ሳህራ አንገቷን ነቀነቀች። አንገት አልበቃኝም። የገባሽን ንገሪኝ አልኳት፣ በእጄም በአፌም። ነገረችኝ፦ ልቧ፣ ቀዳዳ፣ ከመወለዷ ጀምሮ፣ ይዘጋል፣ አዲስ አበባ፣ መጠበቅ። አንድም አልጎደለም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲጽፍ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ቀስ ብላ ደገመችው፣ እስኪገባኝ።

«ባጃጁም ያለው ይህንኑ ነበር።»

አቤት! አይደለም ልላት ነበር። ስህተት ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ተረት ነበር ልላት። ቃሉ የለኝም። በአማርኛም ያለኝ አልመሰለኝም።

ካርዳቸው ላይ ስልክ ተጻፈ፣ የእኔ፤ ሲጠሩን እኔ ጋ ይደውላሉ። ይደውሉ ይሆን፣ በዚህ ወር ይሁን በሚመጣው ዓመት ማንም አልነገረን። ከአለቃዬ መልእክት ገብቷል፦ የጠዋቱ ንባብ፣ ጠብታ። መለኪያው ውስጥ ሊለካ የማይችል ዝናብ ሲገኝ የምንጽፈው እንደዚህ ነው። ዘንቧል ለማለት አይበቃም፣ ዜሮ ግን አይጻፍም።

ከሆስፒታሉ ወደ መኪናው ዳገት አለ። ሆዳን ሦስት ጊዜ ቆመች። እኔም አብሬያት ቆምኩ።